በኤሌክትሪክ መኪና ረጅም መንገድ ለሚሄድ ነጋዴ፤ ኃይል የሚሞላበትን ስፍራ አስቀድሞ ስለ መወሰን

የአገራችን ነጋዴ መንገድ ከመጀመሩ በፊት የሚያርፍበትን ስፍራ አስቦ የመነሣት ልማዱ ከጥንት የመጣ ነው። በበቅሎና በግመል ይጭን የነበረው ሲራራ ነጋዴ የቀኑን ጉዞ የሚወስነው ውኃና ሣር የሚገኝበትን ስፍራ አስልቶ ነበር። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ፥ ኋላም እስከ አዲስ አበባ ሲዘልቅ፥ በእንፋሎት የሚሠራው ሞተሩ ውኃ የሚቀዳባቸው ጣቢያዎች አስቀድመው ካልተዘጋጁለት በቀር ሊራመድ አይችልም ነበር። የቤንዚን መኪና መጥቶ ማደያው በየከተማው ከተተከለ በኋላ ግን ይህ ጥንቃቄ እየተዘነጋ ሄደ።

አሁን ያ የቀድሞ ዕውቀት ተመልሶ የሚያስፈልግበት ጊዜ ደርሷል። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ካስታወቀ ወዲህ፥ የኤሌክትሪክ መኪና በነጋዴው እጅ እየበዛ መጥቷል። በከተማ ውስጥ ለሚመላለስ ሰው ነገሩ ቀላል ነው፤ ማታ በቤቱ ሞልቶ ቀን ሲሠራበት ይውላል። ከአዲስ አበባ ወጥቶ ሩቅ አገር ለሚሄድ ግን፥ የት አርፎ ምን ያህል እንደሚሞላ ሳያሰላ የተነሣ እንደ ሆነ፥ ዕቃው ከገበያ፥ ራሱም ከቀጠሮው ይቀራል። ስለዚህ የስሌቱን መንገድ በምሳሌ አስደግፎ ማስረዳት ለአስመጪውም፥ ለላኪውም፥ ለባለ ሱቁም ይጠቅማል።

1ኛ፤ ሁለቱን መለኪያዎች ለይቶ ስለ ማወቅ

በዚህ ነገር ሁለት መለኪያዎች አሉ፤ ኪሎ ዋትና ኪሎ ዋት ሰዓት። ኪሎ ዋት ሰዓት በባትሪው ውስጥ ያለው የኃይል ብዛት ነው፤ በጋን ውስጥ እንዳለ ውኃ ሊቈጠር ይችላል። ኪሎ ዋት ደግሞ ኃይሉ የሚገባበት ወይም የሚወጣበት ፍጥነት ሲሆን፥ ጋኑን እንደሚሞላው ቧንቧ ስፋት ነው። 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ 7 ኪሎ ዋት በሚሰጥ ቻርጀር ከባዶ ለመሙላት ወደ 9 ሰዓት ይፈጅበታል፤ በተራ የቤት ሶኬት፥ ይኸውም 2 ኪሎ ዋት ያህል በሚሰጠው፥ ከ30 ሰዓት በላይ ይፈልጋል። ደግሞም በሚሞላበት ጊዜ ከኃይሉ ከፊሉ ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ፥ በቤት ሶኬትም ሆነ በ7 ኪሎ ዋቱ ቻርጀር 20 ኪሎ ዋት ሰዓት ወደ ባትሪው ሲገባ ቈጣሪው 22 ያህል እንደሚያስከፍል ማወቅ ያሻል።

2ኛ፤ በወረቀት የተጻፈው ርቀት

ሻጩ ለገዢው የሚነግረው ርቀት በቤተ ሙከራ ውስጥ በተሽከርካሪ ብረት ላይ የተለካ ነው። ከቻይና የሚመጡት መኪናዎች የሚለኩበት ሲ.ኤል.ቲ.ሲ. የተባለው ሥርዐት አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የአውሮፓው ደብሊው.ኤል.ቲ.ፒ. አማካይ ፍጥነት 46 ኪሎ ሜትር ተኩል ይሆናል። ሁለቱም ዳገትና ቁልቁለት የላቸውም። በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ ነጋዴ ስለሌለ፥ “500 ኪሎ ሜትር ይሄዳል” የሚለው ጽሑፍ ለጉዞ ስሌት መነሻ ሊሆን አይገባውም። መነሻው ባትሪው የሚይዘው ኪሎ ዋት ሰዓትና መኪናው በእውነተኛ መንገድ በ100 ኪሎ ሜትር የሚፈጀው ኃይል ነው። ይህንንም ማንኛውም ባለ መኪና ከራሱ መኪና መስኰት ላይ አንብቦ ለጥቂት ሳምንት ቢመዘግበው የራሱን ትክክለኛ ቍጥር ያገኛል።

3ኛ፤ ኃይል የሚበሉት ነገሮች

ከሁሉ አስቀድሞ ፍጥነት ነው። መኪናው ሲፈጥን ነፋሱ የሚገታው ጉልበት ከፍጥነቱ ይልቅ አብልጦ ያድጋል። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በ100 ኪሎ ሜትር 17 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚፈጅ መካከለኛ መኪና፥ በ120 ሲሄድ 23 ያህል ሊፈጅ ይችላል። በጣሪያ ላይ የታሰረ ዕቃና ነፋሱ የጐደለ ጎማም እንዲሁ ያስወጣሉ።

ሁለተኛው ዳገት ነው። ከነጭነቱ 2,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሽቅብ ሲወጣ፥ ለመንገዱ ርዝመት ከሚፈጀው ሌላ፥ ለከፍታው ብቻ 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይጨምራል። ቁልቁለት ሲወርድ ሞተሩ እንደ ዲናሞ ሆኖ ኃይሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ ነገር ግን የሚመለሰው ሁሉም አይደለም፤ ከ1,000 ሜትር ቁልቁለት የሚተርፈው ከ3 ተኩል እስከ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢሆን ነው። ባትሪው ጢም ብሎ ሞልቶ ቁልቁለት የጀመረ መኪና ደግሞ የሚመለሰውን ኃይል የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም።

ሦስተኛው ሙቀት ነው። በአዋሽ ቆላ የመኪናውን ውስጥ የሚያቀዘቅዘው መሣሪያ ያለማቋረጥ ሲሠራ በየሰዓቱ 1 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ለአንድ ሰዓት ምንም አይደለም፤ ለአንድ ቀን ጉዞ ግን የ40 ኪሎ ሜትር መንገድ ይበላል።

4ኛ፤ ምሳሌ፤ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ

60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ያለው፥ በወረቀት 500 ኪሎ ሜትር ይሄዳል የተባለለት መኪና የያዘ አንድ ነጋዴ፥ በድሬዳዋ የሸቀጥ ናሙና አሳይቶ ውል ለመፈራረም ቀጠሮ አለው እንበል። የሚሄድበት የቆየው የጨርጨር ተራራ መንገድ 515 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወረቀቱን ያመነ ሰው “ትንሽ ጨምሬበት እደርሳለሁ” ይላል። ስሌቱ ግን እንደሚከተለው ነው፤ ማቀዝቀዣው ጭምር በ100 ኪሎ ሜትር 17 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል ተብሎ ተቈጥሯል።

የመጀመሪያው ምዕራፍ ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከ2,350 ሜትር ከፍታ ወደ 1,700 ሜትር ስለሚወርድ፥ ከ17 ላይ 2 ተኩል ተመላሽ ይሆንለትና 14 ተኩል ይፈጃል፤ በባትሪው 45 ተኩል ይቀራል።

ሁለተኛው ከአዳማ እስከ አዋሽ ሰባት 125 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ወደ 950 ሜትር ስለሚወርድ የሚፈጀው 18 ተኩል ነው፤ 27 ይቀራል፤ ይህም ከመቶ 45 ማለት ነው።

ሦስተኛው ከአዋሽ በሚኤሶ በኩል እስከ ጭሮ፥ በቀድሞ ስሙ አሰበ ተፈሪ፥ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እዚህ ላይ መንገዱ 850 ሜትር ያህል ስለሚወጣ 22 ይፈጃል፤ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ይቀራል፤ ይህም ከመቶ 8 ነው።

አራተኛው ከጭሮ በሂርና፥ በቁልቢና በደንገጎ አድርጎ ድሬዳዋ እስኪወርድ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ዳገቱና ቁልቁለቱ ተቻችሎ 34 ያህል ይጠይቃል።

ድምሩ 89 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ ባትሪው የያዘው ግን 60 ነው። እንግዲህ ወረቀቱን ያመነው ነጋዴ የሚቆመው ድሬዳዋ መግቢያ ላይ ሳይሆን ከጭሮ ወዲያ በተራራው መንገድ ላይ ነው። ከዚያ በሌላ መኪና ተጭኖ ወይም ተጎትቶ መሄድ ወጪው ከባድ ነው፤ የውሉ ቀጠሮም አያገኘውም።

5ኛ፤ ማረፊያው የት ይሁን?

ብዙ ሰው የሚያርፈው ባትሪው ሲያልቅ ነው። ይህ ስሕተት ነው። በዚህ መንገድ ላይ ማረፍ የሚገባው ዳገቱ ከመጀመሩ አስቀድሞ፥ ማለት በአዋሽ፥ ገና ከመቶ 45 ሲቀር ነው። በአዋሽ እስከ ከመቶ 80 ድረስ፥ ማለት እስከ 48 ኪሎ ዋት ሰዓት፥ ቢሞላ 21 ይጨምራል። በ60 ኪሎ ዋት ፈጣን ቻርጀር ግማሽ ሰዓት ያህል፥ በ7 ኪሎ ዋት 3 ሰዓት፥ በተራ ሶኬት ከ10 ሰዓት በላይ ይፈጃል።

ለምን እስከ 80 ብቻ የሚል ሰው አይጠፋም። ባትሪው ወደ መሙላቱ ሲቃረብ በፈጣን ቻርጀር እንኳ ኃይል የሚቀበለው እያነሰና እየዘገየ ስለሚሄድ፥ የመጨረሻዋ ከመቶ 20 ከፊተኛው ከመቶ 60 የማትተናነስ ጊዜ ልትወስድ ትችላለች። በ7 ኪሎ ዋት ወይም በሶኬት ለሚሞላ ግን ቀድሞውንም ቀስ ብሎ ስለሚገባ ይህ ልዩነት ያን ያህል አይታይም።

ከአዋሽ በ48 የተነሣው መኪና ጭሮ በ26 ይደርሳል። ለቀረው 34 እና ለመጠባበቂያ 9 ስለሚያስፈልገው በጭሮ 17 ይጨምራል፤ በ7 ኪሎ ዋት 2 ሰዓት ተኩል፥ በሶኬት አንድ ሌሊት ማለት ነው። እዚህ ላይ ነጋዴው የሚወስነው ነገር አለ። ፈጣን ቻርጀር የሚያገኝ ከሆነ በአንድ ቀን ይደርሳል፤ ሶኬት ብቻ ከሆነ በጭሮ ማደሩን አስቀድሞ አውቆ ቀጠሮውን በማግሥቱ ከቀትር በኋላ ያደርጋል። የማያዋጣው በመካከሉ ነው፤ ለአንድ ቀን ቀጠሮ ይዞ በመንገድ ላይ ሁለት ቀን መሆኑን ማወቅ።

የፍጥነቱም ነገር ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በ2007 ዓ.ም. በተከፈተው በአዲስ አበባና በአዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ 85 ኪሎ ሜትሩን በ120 የሚሄድ ሰው በ90 ከሚሄደው 14 ደቂቃ ያህል ይቀድማል፤ ነገር ግን 5 ኪሎ ዋት ሰዓት አብልጦ ይፈጃል። ያንን በፈጣን ቻርጀር ለመመለስ 5 ደቂቃ ስለሚበቃ አትራፊ ነው። በ7 ኪሎ ዋት ለመመለስ ግን 43 ደቂቃ ይፈልጋል፤ “የቸኮለ አፍሶ ለቀመ” የተባለው ደረሰ ማለት ነው። ስለዚህ የጉዞው ፍጥነት የሚወሰነው ፊት ለፊት በሚጠብቀው ቻርጀር ዓይነት ነው።

6ኛ፤ ስለ መጠባበቂያ

ከዚህ ትምህርት ሁሉ ዋናው ይህ ነው። መጠባበቂያ የሚለካው በመቶኛ ብቻ አይደለም፤ የታሰበው ስፍራ ኃይል ባይገኝበት እስከ ሁለተኛው ስፍራ በሚያደርስ ርቀት ነው። ከመቶ 15፥ ማለት 9 ኪሎ ዋት ሰዓት፥ በሜዳ ላይ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬዳል፤ በብርቱ ዳገት ላይ ግን ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው። ስለዚህ ነጋዴው በየምዕራፉ ሁለት ስም ይጻፍ፤ አንደኛው የሚያርፍበት፥ ሁለተኛው ያ ቢጐድል የሚሄድበት። በምሳሌያችን አዋሽ ሲደርስ መብራት ጠፍቶ ቢያገኘው፥ ባለው 27 ወደ ኋላ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተመልሶ መተሐራ መድረስ ይችላል፤ ወይም ወደ ፊት ሚኤሶ ድረስ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ 12 ያህል ይተርፈዋል። ጭሮ በ5 ደርሶ መብራት የጠፋበት ግን ሁለተኛ ስፍራ የለውም።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ፥ ከመነሣት በፊት ባለው ቀን ስልክ መደወል ይገባል። የሚጠየቀውም “ቻርጀር አለ ወይ?” የሚለው ብቻ አይደለም። ስንት ኪሎ ዋት ይሰጣል? መሰኪያው ምን ዓይነት ነው? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ቻርጀሩን ይችላል ወይ? ሌሊት የሚከፍት ዘበኛ አለ ወይ? ክፍያው በምን ነው? እነዚህ አምስት ጥያቄዎች በቁርጥ ካልተመለሱ ያ ስፍራ በዕቅዱ ውስጥ እንደሌለ ይቈጠር።

7ኛ፤ ስለ መመለሻው ጉዞ

የመሄጃው ስሌት ለመመለሻው አይሆንም። ከድሬዳዋ የተነሣ መኪና ወዲያው ወደ ደንገጎ ስለሚወጣ፥ በመጀመሪያዎቹ 25 ኪሎ ሜትሮች ብቻ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ሊፈጅ ይችላል፤ ይህን ያላወቀ ሹፌር መኪናው የተበላሸ ይመስለዋል። ከአዋሽ እስከ አዲስ አበባም ሲወርድ 33 የፈጀው መንገድ ሲወጣ 47 ያህል ይፈጃል። ስለዚህ በመመለሻው አዳማ ላይ አንድ ማረፊያ መጨመር ብልኅነት ነው።

8ኛ፤ ስለ መሰኪያና ስለ ሶኬት

ለቻይና ገበያ የተሠሩት መኪናዎች ጂቢ/ቲ የተባለውን መሰኪያ ሲይዙ፥ ለአውሮፓ የተሠሩት ሲሲኤስ 2 የተባለውን ይይዛሉ። አንዱ በሌላው ቀዳዳ አይገባም። አገናኝ መሣሪያ ቢኖርም ለፈጣን ቻርጀር የሚሆነው ከፍተኛ ኃይል የሚያልፍበት ስለ ሆነ፥ በመኪናው ሠሪ ያልተፈቀደውን በርካሽ ገዝቶ መጠቀም እሳት መግዛት ነው።

በሆቴል ሶኬት የሚሞላ ሰውም ይጠንቀቅ። የመሬት ሽቦ የሌለው መስመር፥ የላላ ሶኬት፥ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ለብዙ ሰዓት ኃይል ሲያልፍባቸው ይግላሉ። ከጀመረ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መሰኪያውን በእጅ ዳስሶ፥ የሚያቃጥል ከሆነ ማቆም ይገባል። በመኪናው መስኰት ላይ የሚገባውን ኃይል መቀነስ የሚቻል ስለ ሆነ፥ በደከመ መስመር ላይ ቀንሶ ሌሊቱን ሙሉ መሙላት ይሻላል።

9ኛ፤ ለንግዱ ማኅበር የሚተርፈው ጥቅም

አስመጪው መኪና ሲሸጥ የወረቀቱን ርቀት ብቻ መናገሩ ለዛሬ ሽያጭ ይጠቅመው ይሆናል፤ ገዢው በመንገድ ላይ በቆመ ጊዜ ግን ስሙ አብሮ ይቆማል። ባትሪው የሚይዘውን ኪሎ ዋት ሰዓት፥ የመሰኪያውን ዓይነት፥ በፈጣንና በዘገምተኛ ቻርጀር የሚቀበለውን ከፍተኛ ኃይል በአንድ ገጽ በአማርኛ ጽፎ ከቁልፉ ጋር ቢሰጥ ደንበኛ ያተርፋል።

በመንገድ ዳር ሆቴል፥ ምግብ ቤት ወይም ሱቅ ላለውም ሰው ነገሩ ገበያ ነው። ቤንዚን የሚቀዳ ሰው በ5 ደቂቃ ይሄዳል፤ በ7 ኪሎ ዋት የሚሞላ እንግዳ ግን ሁለትና ሦስት ሰዓት ይቀመጣል፤ ይበላል፥ ይጠጣል፥ ይገበያያል፤ ሲመሽበትም ያድራል። ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ጋር ተነጋግሮ በቂ መስመር ካስገባ በኋላ፥ በጥሩ ባለሙያ የመሬት ሽቦውንና ማቋረጫውን አሠርቶ አንድ 7 ኪሎ ዋት ቻርጀር የተከለ ባለ ሆቴል፥ ከኤሌክትሪኩ ይልቅ ከምሳውና ከአልጋው ያተርፋል። ዋጋውንና የሚሠራበትን ሰዓት በግልጽ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ፤ ሲበላሽም ለሚደውል መንገደኛ እውነቱን ይንገር፤ ምክንያቱም በእርሱ ቃል ተማምኖ የሚነሣ ሰው አለና።

10ኛ፤ ማጠቃለያ

ነጋዴው ሊነሣ ሲል በአንድ ወረቀት ላይ አምስት ነገሮች ይጻፍ። አንደኛ፥ በየምዕራፉ ያለውን ርቀትና ከፍታ። ሁለተኛ፥ ከራሱ መዝገብ ያገኘውን የመኪናውን ፍጆታ። ሦስተኛ፥ በየማረፊያው ሲደርስ የሚተርፈውን ኃይል። አራተኛ፥ የሚሞላበትን ስፍራ፥ የቻርጀሩን ኪሎ ዋትና የሚፈጀውን ሰዓት። አምስተኛ፥ ያ ስፍራ ቢጐድል የሚሄድበትን ሁለተኛ ስፍራ። በመንገድም ላይ በየማረፊያው ያሰበውን ካገኘው ጋር ያስተያይ፤ ልዩነቱ ከ3 ኪሎ ዋት ሰዓት ከበለጠ ፍጥነቱን ይቀንስ፥ ወይም በቅርቡ ስፍራ ይሙላ።

ይህ ሁሉ ለመጻፍ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። ነጋዴ ዕቃ ሲገዛ ዋጋውን፥ ማጓጓዣውንና ቀረጡን አስልቶ ትርፉን እንደሚያውቅ፥ የባትሪውንም ኃይል እንዲሁ ገቢና ወጪ አድርጎ ቢይዘው፥ መንገዱ ቢረዝምም ቀጠሮው አይፈርስበትም።